ጀርባዬ ላይ የጠጣው ወተት

ንገሪን ብለው የያዙኝ እነሱ ናቸው። የዒድ ምሳ ተበልቶ ሁሉም ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ዛሬ ቁመቷ እኔን ያለፈው የልጅ ልጄ ስልኳን አፌ ሥር ደቀነችና «እማማ፣ ትንንሽ ሆነን እንዴት ነበርን? በያ ንገሪን፣ እየቀዳሁሽ ነው» አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ «እኔ ጨዋ ነበርኩ አይደል?» ይላል። ጨዋ! ለስልኩ ያወራሁት ትንሽ ነው፤ የቀረውን ቀስ እያልኩ እዚህ ጻፍኩት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ጽሕፈቴም እንደ እግሬ ነው፤ ቅያስ ካየ ሳይገባበት አያልፍም። ታገሡኝ።

ያኔም እንደ ዛሬው የምንኖረው ኮተቤ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ። ልጄ፣ የነዚህ እናት፣ መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ መጋረጃና የሶፋ ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወደ ጅቡቲ ከወረደ ድምፁን እንሰማ እንደሆነ እንጂ መልኩን አናይም። ልጄ ሥራዋን ስትወደው ለጉድ ነው። ጣቃውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ በአንድ እጇ ስትዘረጋው ያየ ሰው ሳይገዛ አይወጣም። ባለሱቁም ይኼን አይቶ «ከወሊድ ስትመለሺ ይኼን ሱቅ ላንቺ አስረክቤ እኔ ሌላ እከፍታለሁ» ብሏት ነበር። ታዲያ ፈቃዷ ሲያልቅ ካልተመለሰች ቦታው የሌላ ሰው ነው።

ሕፃኑ፣ ይኼ «ጨዋ ነበርኩ» ባዩ፣ ግን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ነገር በአፌ አይዞርም አለ።

ጡጦ ተገዛ፣ ተፋው። ሌላ ዓይነት ጡጦ ተገዛ፣ እሱንም ተፋው። እናቱ ጡቷን አልባ በማንኪያ ሞከረች፤ ማንኪያውን በምላሱ ገፍቶ አገጩ ላይ አፈሰሰው። ጎረቤቴ መጥታ «የእናቱን ቀሚስ ልበሺና አጥጪው፣ ጠረኗን ሲያገኝ ይሸነፋል» አለችኝ። ለበስኩ። ደረቴ ላይ ልጥፍ ብሎ አሸተተኝ፣ ደስ አለው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየው። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ቀን ተገላምጬ አላውቅም። ገበያ ላይ እንደ ተታለለ ሰው ነው የጮኸብኝ።

ሌላዋ ጣጣ ትልቋ ናት። «ትልቋ» የምላት ሦስት ዓመት ያልሞላትን ነው። ወንድሟ እስኪመጣ ድረስ ጀርባዬ የሷ ርስት ነበር። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ መቀመጥ የማልወድ ሰው ነኝ፤ እሷን አዝዬ ኮተቤን ከላይ እስከ ታች ስዞራት ኖሬያለሁ። አሁን ሕፃኑን ማዘያ ውስጥ ሳስገባው ታየኛለች፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ «ተራዬ ነው!» ትላለች። ቀሚሴን ይዛ እየተጎተተች ተራዬ ነው፣ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ተራዬ ነው። አንድ ቀን የልጁን ካልሲና ኮፍያ ሁሉ ለቅማ ውኃ በርሜል ውስጥ ከተተችው። «ለምን?» ስላት «እንዲሄድ» አለችኝ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረችኝም።

ልጄ ሥራ የጀመረች ዕለት ሕፃኑ እሷ ከወጣች ጀምሮ አለቀሰ። ጡጦውን ሳሳየው ጀርባውን ቆልምሞ ይለጠጣል። ቢቸግረኝ እሱን አዝዬ፣ ትልቋን በእጄ ይዤ፣ ታክሲ ተሳፍሬ መገናኛ ወረድኩ። የሕንፃው ጥበቃ «ማዘር፣ ምን ሊገዙ ነው?» አለኝ።

«ምንም። ልሸጥ ነው የመጣሁት» አልኩት ጀርባዬን እያሳየሁ። «የሚፈልግ ካለ ጠይቅልኝ።»

ሳቀና አሳለፈን። ልጄ ከጣቃዎቹ ኋላ ጎንበስ ብላ አጠባችው። እዚያ እያለን ትልቋ ከመጋረጃ ሥር ገብታ ጠፋችና አንዲት ደንበኛ የምትመርጠው ጨርቅ በራሱ ሲንቀሳቀስ አይታ ጮኸች። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለልጄ ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ይኼ ሱቅ ነው። ይኼን ሳምንት እታገሥሻለሁ፣ ከዚያ ግን ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። እኔ እየሰማሁ ነው።

ማታ ልጄ ራት አልበላችም። «እማ፣ ልተወው ነው» አለች።

«ምኑን?»

«ሥራውን። በረሃብ አልገድለውም።»

«የረሃብ ነገር አታንሺ፤ ጉንጩን አታዪውም እንዴ? ሳምንቱ እስኪያልቅ ዝም በይ» አልኳት። አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ልቤ ተንኮታኩቷል። እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ እግርና እጄ ጤና ሆኖ፣ ልጄ በእጇ የገባ ነገር ሊያመልጣት ነው።

እኔ ደግሞ ልቤ ሲከብደኝ መላው አንድ ነው፤ መሄድ። በማግሥቱ እናትየው ስትወጣ አልባ ያስቀመጠችውን ወተት በንጹሕ ጠርሙስ አደረግሁ፣ ሕፃኑን አዘልኩ፣ ትልቋ የራሷን ቀይ ኩባያ ካልያዘች ከቤት አትወጣምና እሱን ይዛ፣ ታክሲ ቀያይረን ወደ እንጦጦ ወጣን። ዛሬ ፓርክ የሆነው ቦታ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ተጋድሞ የቀረ ግንድ አለ። ብርዱ ጥሩ ነው፣ ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሷል፣ ሕፃኑም ነፋሱን ሲያገኝ ልቅሶውን ተወት አደረገ። ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ትልቋ አልተቀመጠችም። ግንዱ ላይ ወጥታ ከኋላዬ ቆመች። «እማማ፣ አውርጂው። ተራዬ ነው።»

«ወተቱን ሳይጠጣ አይወርድም» አልኳት። ነገሩ ዝም ለማሰኘት ነው እንጂ እሱስ የት ሊጠጣ።

«ስጪኝ» አለች። ኩባያዋን ዘረጋችልኝ። ልትጠጣው ነው ብዬ፣ ከሚበላሽስ እሷ ትጠጣው አልኩና ጥቂት ቀዳሁላት። ከዚያ ከኋላዬ ምን እንደሚሆን አላይም፤ ያዘለ ሰው ጀርባውን አያይም። የሰማሁት ድምፅ ነው። እኔ ሳጎርሳት የምላትን ቃል በቃል እያለች ነው፤ «ቢስሚላህ በል። አፍህን ክፈት። ጎበዝ።»

ማጅራቴ ላይ የሆነ ነገር ጠብ አለ። አፈሰሰችበት ብዬ ልዞር ስል ግን ጉርጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ደገመው። ቀጥ አልኩ። ብዞር ይተዋል፣ ባልዞር አላይም።

ሩጫ ላይ የነበረች ወጣት ወደኛ ስትመጣ አየሁ። እጄን አርገበገብኩላት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የኔ ልጅ፣ ባክሽ ከኋላዬ ዞረሽ እይልኝ። እየዋጠ ነው?» አልኳት።

ልጅቷ እያለከለከች ዞረች። «እየዋጠ ነው፣ ማዘር!»

«አያፈሰውም?»

«ትንሽ ይፈሳል፤ ግን እየጠጣ ነው። እህትየዋን እያየ ነው የሚጠጣው። ኧረ እየሳቀላት ነው!»

አልሐምዱሊላህ! እዚያ ግንድ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቄ ተቀምጬ እንባዬ ወረደ። ትልቋ ደግማ አስቀዳችኝ፤ ኩባያውን በትከሻዬ ላይ ታቀብለኛለች፣ እኔ ቀድቼ በትከሻዬ ላይ እመልስላታለሁ። ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። «ወንድምሽን እንዲህ ትወጂዋለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ጨረሰ» አለችኝ። «ይውረድ በቃ!»

ሕግ ሕግ ነው፤ ቃሌን በላሁ ልበላት? ሕፃኑን ወደ ፊት አዞርኩት፣ እሷን ከኋላ አዘልኳት፣ እንዲህ ሆኜ እንጦጦን ወረድኩ። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር። ታክሲው ጋ ስደርስ ረዳቱ «ማዘር፣ ጭነት ከላይ ነው የሚታሰረው!» አለኝ። «አንተን ነው ላይ ማሰር፣ ተሸከመኝ አልኩህ?» ብዬው ገባሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ቦታ ለቀቁልኝ። እንደ ሙሽራ ነው የተቀመጥኩት።

ማታ ልጄ አላመነችም። «እማ፣ እኔን ለማጽናናት ነው» አለች።

«እንግዲያውስ ቁሚና እዪ» አልኳት። ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጁ ጀርባዬ ላይ፣ ትልቋ የተገለበጠ የውኃ ጀሪካን ላይ ቆመች። ቀይ ኩባያ፣ ቢስሚላህ፣ ጎበዝ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሲውጥ ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ጎረቤቴ እልል አለች፤ ሕፃኑ በእልልታው ደንግጦ አቋረጠ፤ ትልቋ ወደ አጥሩ ዞራ «ዝም በይ፣ እየበላ ነው!» ብላ ተቆጣቻት። ያን ቀን ይኼን ያላወራ የሰፈር ቡችላ እንኳን አለ ብዬ አላምንም።

እናቱን ካየ ጡት እንጂ ሌላ ስለማይቀበል ልጄ ፊት ለፊቱ አልቆመችም፤ ከበሩ መቃን ተከልላ ነበር የምታየው። በማግሥቱ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ አንድም ነገር ሳትናገር ሁለቱን ስማ ወጣች። እኔም ሕፃን አዝዬ መገናኛ መውረዴ ቀረ። ባለሱቁ ቁርጡን ሲጠይቃት «አለሁ» አለችው፤ ብዙም ሳይቆይ ቁልፉን ሰጣት። ይኸው እስከ ዛሬ ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ልጁም ወር ሳይቆይ ከእኔ እጅ ከፊት ለፊት መጠጣት ለመደ፤ እስከዚያ ግን ትልቋ ከሥራዋ ቀርታ አታውቅም፣ ደመወዟም ጀርባዬ ነው። እሷ እየታዘለች፣ እሱ እየጠጣ፣ እኔ እየዞርኩ፣ ያ ዓመት አለፈ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በራሴ እንደዚያ የኮራሁበት ዘመን የለም።

ባለፈው ክረምት እኔና ልጄ መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ ዝናብ ያዘንና አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠግተን ቆምን። ወሬ ወሬን ያነሣዋል፤ እንዲሁ በጨዋታ መካከል ነገረችኝ። ያን ቀን ጠዋት፣ ሁለቱን ስማ የወጣች ዕለት፣ ታክሲ ጋ ደርሳ ተመልሳ ነበር። የግቢውን የቆርቆሮ በር ሳትከፍት ውጭ ቆማ አዳመጠች። ልጇ ሲያለቅስ ብትሰማ ልትገባ፣ ሥራውንም ልትተው ቆርጣ ነው የመጣችው። የሰማችው ግን ትልቋ ቢስሚላህ ስትል፣ እሱ ሲስቅ ነው።

«አላለቀሰም፣ እማ» አለችኝ። «እኔ ግን በሩን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ሄድኩ፤ ባለሱቁን መንገድ ተዘጋግቶ ነው ያረፈድኩት አልኩት።»