የወፍጮው መውቀሪያ

ቢቸና መብራት ከጠፋ ሳምንት አለፈው። የመብራት ወፍጮው ቆሞ ቤታችን ዱቄት አለቀ። እኔ ግን ኮራሁ። ባለቤቴ «ይሄን ድንጋይ አውጥተህ ጣልልኝ» ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ የእጅ ወፍጮውን ለዓመታት እምቢ ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ!

ባለቤቴ ስንዴውን ብትፈጭ ድንጋዩ ልሙጥ ሆኖ እህሉን ያንሸራትተዋል። በመውቀሪያ ብረት እየተመታ መወቀር፣ መሻከር አለበት።

«መውቀሪያውስ?» አለች።

አንገቴን ደፋሁ። ከሞጣ ለመጣ ቆራሌ ከአሮጌ ብረት ጋር ሰጥቼዋለሁ።

ከሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መውቀሪያው ነው!

«ያን ዕለት ከቆራሌው ጆንያ መልሼ አወጣሁት። አንተ ሽማግሌ፣ ድንጋዩን ብቻ ታቅፈህ ልትኖር ነበር?»

እኔ ወቀርኩ፣ እሷ ፈጨች፤ ቂጣችንን በላን። አሁን ድንጋዩን እኔ እጠብቃለሁ፤ መውቀሪያው ግን ደግሜ ለቆራሌ እንዳልሰጠው ያለ እሷ ከሣጥኗ አይወጣም። እኔም ስጪኝ ብዬ አልጠይቃትም።