ገናሌን የለካሁበት ዓመት

ውሃ መለካት ከመማሬ በፊት ውሃ ተሸካሚ ነበርኩ። ነጌሌ ያደገች ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን ከቦኖው ስለሚርቅ ጠዋቴ በወረፋ ያልቅ ነበር። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ ጀሪካኔ ላይ ቁጭ ብዬ በዓይኔ እሸኛቸዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ደርግ ወድቆ፣ ወታደሩ ከከተማው ከወጣ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተነገረውን ሁሉ ገበያ ላይ እንዳለ ዕቃ እያገላበጠ ያያል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አጭር የውሃ ሥራ ስልጠና ወስጄ መሥሪያ ቤት ስቀጠር ከሠላሳ አልፌ ነበር፤ ያ ጠባይ ግን አልለቀቀኝም።

ወደ ገናሌ የተላክሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሽንኩርትና ፓፓያ የሚያለሙ ሴቶች ማኅበር ነበራቸው። የሚያጠጡት በጀሪካን እየቀዱ ነው፤ ገናሌ ደግሞ አዞ አለበት። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተፈቀደላቸው፤ ሁለተኛ እንደማይኖርም አብሮ ተነገራቸው። ጥያቄው የት ይተከል የሚል ነበር። ወደ ውሃው ቢቀርብ ሙላት ይወስደዋል። ቢርቅ፣ በጋ ላይ ውሃው ሲወርድ ሞተሩ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችን ኢንጂነር ሲሚንቶ ከማፍሰሱ በፊት ወንዙም ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ ይለካ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ሞተሩ ነጌሌ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ አዞው መውረዳቸውን ይቀጥላሉ።

የወሰደኝ የሴቶቹን ሽንኩርት እየጫነ ነጌሌ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነው፤ በራሱ አይሱዙ። መንገዱን ሙሉ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቀ አሾፈብኝ። «ወንዝ ለመለካት ሰው ይቀጠራል? እኔ ሽንኩርት ስመዝን እንኳ ሰው አያምነኝም።»

ያረፍኩት የማኅበሩ ሰብሳቢ ግቢ ነው። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ባታቸው ላይ የአዞ ጥርስ ጠባሳ ያለባቸው፣ ሲራመዱ አንድ እግራቸውን ጎተት የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እሳቸው «ኢንታላ» አሉኝ፤ ልጅቷ ማለታቸው ነው። በዚያ ዕድሜዬ ልጅቷ መባሌን አልጠላሁትም።

«ናጋ ቡልቴ፣ ኢንታላ?» አሉኝ በማግሥቱ ጠዋት።

«ናጋ፣ አዮ። አንቱስ በሰላም አደሩ?»

«ናጋ። አንድ ዓመት ሙሉ ወንዙን ቁጭ ብለሽ ልታዪ ነው አሉ። ደሞዝ አለው?»

«አለው።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን በነጻ ሳየው ኖሬ» አሉና ሳቁ።

ሁለት መለኪያ ነበረኝ። አንዱ ወንዙ ዳር፣ እንደ ደረጃ ከታች ወደ ላይ በተተከሉ የብረት ምሰሶዎች ላይ፣ በየምሰሶው የታሰረ ባለ ቁጥር ሰሌዳ ነው፤ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ጠዋትና ማታ ወርጄ አነባለሁ። ሌላው ፍየል እንዳይደርስበት አዮ ግቢ ውስጥ በአጥር የከለልነው የዝናብ መለኪያ ነው። ጋዝ እንደሚቀዳበት ኢምቡቶ ያለ አፍ አለው፤ ከሥሩ ውሃው የሚጠራቀምበት ዕቃ ተቀምጧል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንበረከክና ዓይኔን ከውሃው ልክ አስተካክዬ አነባለሁ። ቆሞ ማንበብ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የማነበው ባዶ ነበር፤ ባዶውንም ቢሆን ተንበርክኬ ነው።

ጥር ላይ ገናሌ ከስቶ ነበር። ድንጋዮቹ ወጥተው፣ ውሃው አረንጓዴና ጥርት ያለ። ፍጥነቱን የምንለካው በፓፓያ ነው። ዳር ላይ ሁለት ካስማ ተክለናል፤ ከላይኛው ካስማ ትይዩ ጥሬ ፓፓያ ወደ መሃል ይወረወራል፤ እኔ ሰዓት ይዤ ታችኛው ካስማ ጋ እጠብቀዋለሁ። ጥሬ ፓፓያ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አይነዳውም። የሚወረውሩት አዮ ናቸው።

«ፓፓያዬን ለአዞ ስቀልብ ልኑር» ይላሉ።

«አዞ ፓፓያ ይበላል እንዴ፣ አዮ?»

«እግሬን ከቀመሰ በኋላ ምን የማያምረው አለ።»

ጥልቀቱን ከድልድዩ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ እየጣልን ለክተናል። ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ፍጥነቱ ሲባዙ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው ውሃ ይገኛል። የመጀመሪያውን ስሌት የሠራሁት አዮ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ሳትገባ ነው። መልሱን ሳገኝ ስህተት መሰለኝና እንደገና አባዛሁ። ልክ ነው። ከዚያ ማንም ያላዘዘኝን ሌላ ስሌት ሠራሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በጀርባዬ የተሸከምኩትን ውሃ፣ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ብዬ፣ በዓመቶቼ አባዛሁት። ያ ሁሉ ውሃ፣ ጠዋቶቼ ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ ወረፋ ሁሉ፣ በዚያ በከሳ ወንዝ አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ ሳያልቅ በፊቴ ያልፋል። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም። ወንዙን ቀና ብዬ ለማየት ግን ጥቂት ጊዜ ፈርቼ ነበር።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ደመናው ከደቡብ፣ ከሜጋ ከተማ ወገን መጣ። ለተከታታይ ቀናት ዘነበ። ግቢው ጭቃ ሆነ፤ ገናሌ ቡና መሰለና ሰሌዳውን ይወጣ ጀመር። የእኔ መለኪያ ግን ጤዛ የወረደበት ያህል ብቻ ያሳያል። መሬቱ ረስርሶ መለኪያው እንዴት ይደርቃል? አፉን ነቅዬ ብመለከት ጉሮሮው በእርጥብ ሣር ተሞልቷል፤ በሥርዓት ተጎንጉኖ የገባ ሣር።

«አዮ፣ ይህን ማን ከተተው?»

«እኔ ነኛ። ዝናብ ሊቀበል አፉን ከፍቶ የቆመ ዕቃ፣ የምርቃት እርጥብ ሣር ሳይደረግለት ባዶውን ይቁም? ነውር አይደለም?»

«ዘግቶታል እኮ። ዝናቡ በጎን ፈሶ ሄደ።»

ቀረብ ብለው ሣሩን አዩ፣ መለኪያውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«መርቄ ዘጋሁት በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

የነዚያን ቀናት ዝናብ በግምት መሙላት ይቻል ነበር፤ ሌሎች እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። እኔ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ሣሩንም አልጣልኩትም፤ አጥሩ ላይ አሰርነው። አዮ እንዲህም ይሆናል ብለው ፈቀዱ፤ «ከደጅም ቢሆን ሰላምታ ሰላምታ ነው።»

ትልቁ ነገር የመጣው መስከረም ላይ ነው። ዝናብ ካየን ሰንብተናል፤ ሰማዩ አንድ ጉድፍ የለበትም። ወንዙ ከላይ ካለው ደጋ እንደሚመጣ፣ እዚህ ሳይዘንብም እንደሚሞላ፣ የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ተምሬዋለሁ። ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ጠዋት ለንባብ ስወርድ ድምፁ ከሩቅ ተቀበለኝ፤ ብዙ መኪና አቀበት የሚወጣ ዓይነት ድምፅ። ታችኛው ሰሌዳ ጠፍቷል። ሁለተኛውም የለም። ውሃው ቀይ ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ቅጠሉ ሳይጠወልግ መሃሉን ይዞ ይጋልባል፤ ቅጠሉ የእኛ አገር ቅጠል አይደለም። የደጋ ዛፍ ነው። ዝናቡን ያላየሁት አገር ዛፉን ልኮ አሳየኝ።

አዮ ከኋላዬ ደረሱ። ሌሎቹ ሴቶችም መጡ። አዮ በልማዳቸው ፓፓያ ይዘው ነበር፤ ወረወሩት። ሰዓቴን ቀና አድርጌ ሳላይ ታችኛውን ካስማ አለፈ። ቀጥሎ ካስማው ራሱ ተነቀለና ሄደ።

«እንዲህ ሆኖ አላየሁትም» አሉ አዮ። «እናቴም አልነገረችኝም።»

ከቀትር በኋላ ውሃው የመጨረሻውን ሰሌዳ ጫፍ ውጦ ቆመ። የደረሰበትን ከፍታ እዚያው ባለው የግራር ግንድ ላይ ምልክት ቀረጽኩ። ወደ ግቢ ተመልሼ መለኪያውን ከፈትኩት፤ ተንበርክኬ አየሁ። ደረቅ አቧራ። ከእኛ ሰማይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ከእኛ በታች ባሕር እያለፈ ነበር። ያን ቀን ያለፈውን በልቤ ሳሰላ፣ የዕድሜዬ ውሃ ሁሉ አንድ ሰከንድ አልሞላም።

ዓመቱ ሲያልቅ ኢንጂነሩ በመኪና መጣ፤ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። የጥርን ዝቅታና የመስከረምን ከፍታ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት። ሁለቱን ቁጥሮች በጣቱ እየተከተለ አየ።

«እትዬ፣ ከዚህ እስከዚህ ያለው ከፍታ ሞተሩ መሳብ ከሚችለው ይበልጣል» አለ። «ከሙላቱ በላይ ብተክለው በበጋ አየር ነው የሚስበው። ታች ብተክለው ይሄዳል። ቦታ የለውም።»

አዮ አጠገባችን ተቀምጠዋል። «ቦታ የለውም ማለት?»

«ሞተሩ ውሃው የማይዋዥቅበት ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፣ እማማ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመስከረሙ ሙላት በየዓመቱ የሚመጣ አይደለም። ያቺን ቁጥር ትንሽ ብናወርዳት እዚሁ መትከል ይቻላል። እንዲያው ለእነሱ ብለን።»

ለእነሱ ብሎ መናገሩን አልተጠራጠርኩም። ነገር ግን ያን ቀይ ውሃ አይቻለሁ። «ያየሁትን አላወርድም» አልኩት። «ብናወርደው ወንዙ አይሰማንም።»

አዮ ተነሡ። እንደዚያ ቀን ፊታቸው ጠቁሮ አላየሁትም። «ዓመት ሙሉ ቤቴ ያደርሽ፣ ፓፓያዬን ያስወረወርሽኝ፣ ለካስ ሞተራችንን ልታስወስጂ ነው። ይኸው ለካሽብን።»

ኢንጂነሩ መሬት መሬት ያያል። ሽንኩርት ሊጭን የመጣው ነጋዴ አይሱዙው ላይ ተደግፎ ይሰማል። አዮ ንዴታቸው ሳይበርድ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ።

«ቦታ የለውም አልክ። የእኛ ከብት ቦታ አለው? ውሃ ሲሸሽ ይከተላል፣ ውሃ ሲመጣ ይሸሻል። ይኸው እንዲህ ኖርን። ይህ ሞተር ከከብት በልጦ ነው አንድ ቦታ ካልተከላችሁኝ የሚለው?»

ለስድብ ነው የተናገሩት። ኢንጂነሩ ግን ቀና አለና እኔን አየ፤ እኔም እሱን። ወረቀቱን ገለበጠና በባዶው በኩል ተዳፋቱን ይስል ጀመር። እኔ በየትኛው ወር ውሃው የትኛው ምሰሶ ላይ እንደሚደርስ እየነገርኩት፣ ሞተሩ የሚቆምባቸውን እርከኖች አንድ ላይ ለየን። ጎማ ይፈልጋል አልን። ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ጋ የወደቀ የመኪና አክሰል አለ፣ ከነጎማው። ግን ሽንኩርቱን ለሌላ ነጋዴ እንዳትሸጡብኝ።»

«ሚዛንህን አስተካክልና» አሉት አዮ።

ሲሚንቶው ለሞተሩ መትከያ መሆኑ ቀርቶ ለእርከኖቹ ዋለ። ሞተሩ አክሰሉ ላይ ታስሮ፣ ቱቦው እየረዘመና እያጠረ፣ ወንዙን ተከትሎ እንዲወጣና እንዲወርድ ሆነ። በጋውን ሙሉ ሠራ፤ ሴቶቹ ወደ ውሃው ሳይወርዱ ሽንኩርታቸውን አጠጡ። እኔ ወደ ነጌሌ ተመለስኩ፤ ሰሌዳውን ማንበብ ለአዮና ለሴቶቹ ቀረ፤ ውሃው ቀይ የቀባነው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሞተሩን ወደ ላይ መጎተት ነው።

በተከተለው መኸር ልጎበኛቸው ወርጄ ሳለ አንድ ጠዋት አዮ ከወንዙ ዳር «ሙላት!» ብለው ተጣሩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነጋዴው አይሱዙውን ዳር ላይ አቁሞ ሽንኩርት ይጭናል።

«ምን ሆኑ፣ አዮ? ፀሐይ ላይ ጎርፍ?» አላቸው።

«ቀዩ ላይ ደርሷል። ገመድ ያዝ።»

ሴቶቹ ገመዱን ተቀባበሉ፤ እኔም ያዝኩ። ሞተሩ እያቃሰተ ወደ ላይኛው እርከን ወጣ። አዮ ከኋላ በዱላቸው ጎማውን እየነካኩ፣ ሰነፍ ጥጃ እንደሚነዱ፣ በኦሮምኛ ይሰድቡታል። ጥቂት ቆይተን ዞር ብለን ስናይ ቀይ ውሃ እኛ የለቀቅነውን እርከን አልፎ የአይሱዙውን የፊት ጎማ እየላሰ ነበር። ነጋዴው ዘሎ ገብቶ መኪናውን አስነሣ።