የአያ ፈንታ ውጅግራ

ያን ኮረብታ የወጣነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጋንታችን ከፊት ነበረች። መትረየስ ከላይ ጠበቀን። ተኛን፤ ተነሣን፤ ደግመን ተኛን። ከጎኔ የወገራው ልጅ ደሳለኝ ነበር። «ጥይት አቀብለኝ» አለኝ። ካዝና ስዘረጋለት እጁ አልመጣም። ኮረብታውን ስንይዝ እሱን ጨምሮ ስድስት ሰው ቀበርን።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለለቅሶው ወደ አገሩ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። አባቱ አያ ፈንታ «አስከሬኑ ባይመጣ እንኳ ተኩስ አይቀርበትም» ብለው የአያታቸውን ውጅግራ ከግድግዳ አውርደዋል። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ቀለሁን በጥቁር ባሩድ እየሞላ ይተኩስበታል። የአያ ፈንታን ባሩድ ግን እርጥበት አበላሽቶታል።

«አንተ ወታደር አይደለህ? ባሩድ መቼም አታጣም» አሉኝ።

ከክላሽ ጥይቶቼ ባሩዱን እየፈታሁ ሰጠኋቸው። ወታደር ስለሆንኩ የማውቅ መስሎኝ ነበር። «አያ፣ ይኸ ኃይለኛ ነው፤ ግማሹን ብቻ ያድርጉ» አልኳቸው። ግማሽ ያልኩትም በግምት ነው። እሳቸው ግን የአያታቸውን የቀንድ መስፈሪያ እስከ አፉ ሞሉት።

«ምነው! ለልጄ ግማሽ ልተኩስ?»

ልጃቸውን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ምን ብዬ ልከራከር?

ሦስት ሰዓት ላይ አልቃሿ የደሳለኝን ስም ስትጠራ አያ ፈንታ ተነሥተው ወደ ሰማይ ተኮሱ። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ፊታቸውን መታቸው። ወደቁ። ሴቶቹ የክብር ተኩስ ብቻ መስሏቸው ሙሾውን ቀጠሉ። እኔ በጦር ሜዳ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ክው ያልኩበት ቀን ግን የለም። ሮጠው ያነሷቸው ሌሎች ናቸው። ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

ኋላ አንድ የመሣሪያ ጥገና ባልደረባዬ «ግማሹም ቢሆን ያፈነዳው ነበር፤ ያ ብረት የክላሽ ባሩድ አይችልም» አለኝ። ዛሬ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ ጥይት የሚጠይቀኝን ወጣት ሁሉ ግድግዳ ላይ ስቀለው ብዬ እለምናለሁ።

የጋንታችሁ ሙት ስንት ነው ሲሉኝ ስድስት እላለሁ። ሰባተኛውን የምቆጥረው ለብቻዬ ነው። በአያ ፈንታ አርባ ቀን የደሳለኝ እናት ከደጅ ጠብቀው «ልጄ፣ ግማሽ ብለኸው አልነበር?» አሉኝ።

«ብያለሁ» አልኳቸው።

አንዴ ብያለሁ። ሁለተኛ ግን አላልኩም።