መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተው በር

የዚያን ቀን ዲላ ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ ዋለ፤ ሲመሽ ደግሞ ነጎድጓድ ጨመረበት። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ እየተንጫጫ ሰው ከሰው አላደማምጥ ብሏል። ቢሆንም ከአግዳሚው የተነሣ አልነበረም። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለዚያ ሰፈር ቴሌቪዥን ማለት ያ አንዱ ብቻ ነው፤ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ የሚያድር፣ ቁልፉም ከሊቀ መንበሩ ኪስ የማይወጣ።

ይመኙሻል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ታያለች። እናቷ ስትሞትባት ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ቡና ለቀማ ከገባች ወዲህ መጽሐፍ በእጇ አልያዘችም። ይህ ሣጥን ግን ልቧን ይዞት ይሄዳል። እዚያች መስታወት ውስጥ ሰው ሊያለቅስ ሲል፣ እንባው ገና ሳይመጣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታያል። አብራት የምትኖረውን አክስቷን እንኳ እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅም።

በየሳምንቱ የሚቀጥል ድራማ ነበር። አንዲት እናት ዘምቶ የቀረ ልጇን ትጠብቃለች። የዚያን ምሽት በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ተነሣች፣ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ደረሰ፤ መብራት ጠፋ።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ሴትዮዋ መቀርቀሪያው ጠፍቷት ነው፤ ክብሪት አቀብሏት!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመኙሻል ግን አልሳቀችም። ነገ ጠዋት ምን ልትል ነው?

የምትሠራበት ቡና መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጥቁሩንና የተበላውን ፍሬ እየለቀሙ ከደህናው ይለያሉ። አብዛኞቹ ቤታቸው ሩቅ ነው፤ አዳራሽ አይመጡም። ድራማውን የምትነግራቸው ይመኙሻል ናት። መጀመሪያ ላይ «መጣ፣ ሄደ፣ አዘነች» እያለች ትነግራቸው ነበር፤ ጣቶቻቸው እንደ ወትሮው ይሠራሉ፣ ያዛጋሉ። ኋላ ግን ልብ አለች፤ ሣጥኑ «አዘነች» አይልም። እጅ ያሳያል። አንድ ቀን እናትየዋ የልጇን ሸሚዝ እንዴት እንዳጠፈች፣ ኪሱን እንዴት ገልብጣ እንዳራገፈች ነገረቻቸው። የዚያን ዕለት የሴቶቹ ጣት ሳተ። ጥቁሩ ፍሬ ደህናው ላይ፣ ደህናው ጥቁሩ ላይ ተደባለቀ።

«ይህ ቡና ነው ከሰል?» ብሎ ጮኸ ካቦው፣ ጋሼ ይርጉ።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን ቅርጫቶቹን እያየች ፈዛ ቀረች። በአፏ ብቻ ይህን ሁሉ እጅ አሳተችው? ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያማረላት መሆኑን የምታውቀው ቅርጫት አይታ ነው።

መብራት በጠፋ ማግስት ጠዋት ጭቃውን ረግጠው ገብተው ተቀመጡ። ከፊት ለፊቷ እትዬ አትጠገብ ናት። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም።

«ዛሬስ ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽን ጎርፍ ወሰደው?» አለቻት ኩልሱም። ኩልሱም ነገር ካልቆሰቆሰች ውሎዋ አይሰምርላትም።

«ከፈተች?» አለች እትዬ አትጠገብ ቀስ ብላ።

ይመኙሻል መብራት ጠፋ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው።

«መቀርቀሪያውን ይዛ… ተወችው።»

«ምነው?»

«ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ፍሙን ገልጣ እፍ አለችበት፤ ሲገባ ቤቱ እንዳይጨልምበት። ከዚያ ከፈተች።»

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ጫማው ጭቃ ስለሆነ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ ‹እማ፣ ልግባ?› አላት።»

«ጭቃው ገደል ይግባ! ይግባ እንጂ ልጄ!» ብላ ጮኸች እትዬ አትጠገብ፤ የጨበጠችው ቡና ጭኗ ላይ ተበተነ። ጋሼ ይርጉ ሊቆጣ መጥቶ በሩ ላይ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ።

ይመኙሻል ቀኑን ሙሉ ስታስበው ዋለች። ያ ጫማ ከየት መጣ? ማንም አላሳያት፣ ማንም አልነገራት።

በሳምንቱ ኩልሱምም አዳራሽ ገባች። ድራማው ካለፈው ጥቂት መልሶ አሳየ። በሩ ተከፈተ፤ የቆመው ልጁ አይደለም፣ መርዶ የያዘ ሰው ነው።

«አንቺ ቀጣፊ!» አለች ኩልሱም በማግስቱ፣ ገና ሳይቀመጡ። «የቱ ጫማ? የቱ ፍም? ልጁ ሞቷል እኮ!»

ይመኙሻል ቀና ብላ እትዬ አትጠገብን ማየት ፈራች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አለች። «ከራሴ ነው የነገርኳችሁ።»

እትዬ አትጠገብ ከቅርጫቷ ዓይኗን አላነሣችም።

«ጫማውም?»

«ጫማውም፣ እትዬ።»

«ልጄን ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«እሱም እንዲሁ ነበር» አለች። «ጭቃ ከነካው ሳይጠይቀኝ አይገባም።» ከዚያ ቅርጫቷን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ እዚህ ተቀመጪ። የቴሌቪዥኑን ተዪው። ገብቶ ምን በላ?»

ይመኙሻል ሄዳ ተቀመጠችና ነገረቻት። በሌላው ቀንም፣ በሌላውም። አፏ ሲደክማት ማታ ማታ በእርሳስ መጻፍ ጀመረች፤ ጽሑፉ የደረቀባት ጊዜ ጠዋት ለሴቶቹ ትናገረውና ቅርጫታቸውን አይታ ታቃናዋለች።

እትዬ አትጠገብ ልጇ ሳይመጣ ሞተች። ይመኙሻል የጻፈቻት አንዲት ተውኔት በዚያው አዳራሽ አንድ ጊዜ ታየች፤ ሌላ የጠየቃት የለም። አሁን ዲላ ውስጥ ከመናኸሪያው ኋላ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቀን ቡና ትለቅማለች፣ ማታ ትጽፋለች።