ወደ ሐይቁ የተላከችው ሚስቴ ናት

አለቃችን ወደ ሐይቁ እንድትሄድ የመረጠው ሚስቴን ነው። ይህን ሲናገር እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሥራችን ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚለካው የምድር ሙቀት ትክክል መሆኑን ማጣራት ነው። የሳተላይቱ መለኪያ እያደር ይዛነፋል። ስለዚህ እሱ በሚያልፍበት ሰዓት አንድ ሰው በጀልባ ወጥቶ የሐይቁን ገጽ ሙቀት ይለካል፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ያስረዳኋት እኔ ነበርኩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን ቤቴል እስክንወርድ ታክሲው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ሙቅ ውሃ በሳፋ አስቀምጣ መሣሪያውን ስትፈትሽ በመስኮት አየኋት። ውሃውን ሳይነካ ከላይ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ነው። ተራ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ከታ ሁለቱን ታስተያያለች።

«ና እስቲ ይህቺን ያዝልኝ» አለችኝ።

«ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በሄደች ማግስት የአዲስ አበባ ሰማይ ደምኖ አደረ። ደመና ካለ ሳተላይቱ ውሃውን አያይም፤ ሐይቁም ላይ እንዲሁ ከሆነ ጉዞዋ ከንቱ ነው። አየር ጤና ፌርማታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ሽቅብ እያየሁ ደስ አለኝ።

«ሊዘንብ ነው መሰለኝ፣ ልጄ» አሉኝ አጠገቤ የቆሙ እናት።

«ይዝነብ፣ እማማ።»

ከምሳ በኋላ ደወለች። «እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎልሃል! ነፋስ እንኳ የለም፤ ሁሉንም ለካሁ!» አለች። ደስታዋ አንጀቴን አሳረረው።

የእሷን ልኬት ከሳተላይቱ ጋር ማስተያየት የኔ ድርሻ ሆነ። ስህተት ፈለግኩ። አንድ የተዛባ ቁጥር ባገኝ ብዬ ደጋግሜ አየሁት፤ የለም። ሳተላይቱ የውሃውን ሙቀት ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሲለካ ቆይቷል፤ ያጋለጠው የእሷ ልኬት ነው። «የእሷ ልኬት ትክክል ነው፣ ሳተላይቱ በዚሁ ይታረም» አልኩት አለቃችንን። ቃሉ ከአፌ የወጣው በግድ ነበር።

እራት ላይ «ቀንተህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንተ ሄደህ ቢሆን እኔም እቀና ነበር» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ቀለል አለኝ።

ቀጣዩም ጉዞ የእሷ ሆነ። የመሣሪያውን ሣጥን ተሸክሜ መኪናው ድረስ ሸኘኋት፤ ምነው እኔ በሆንኩ እያልኩ።