የዶቅዶቄዬ እግር

እናቴ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ አኩርፋኝ ነበር። ምክንያቱ ዶቅዶቄዬ ነው። መሥሪያ ቤቴ በጅማ ዙሪያ ያሉትን የቡና ችግኝ ጣቢያዎች እየዞርኩ እንድቆጣጠር ሞተር ሳይክል ሰጠኝ፤ እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬው በዚያው ቀን አጋሮ ድረስ፣ እናቴ ደጅ ድረስ ነዳሁት። በድምፁ ደንግጣ ወጣች፣ ከሩቅ አየችው፣ አልቀረበችውም። “በዚህ ነገር ላይ እስከተቀመጥክ ድረስ ደጄ አትምጣ፣ እኔም ደጅህ አልመጣም” አለችና ገባች። በሃያ አራት ዓመቴ ከእሷ የወረስኩት ዋና ሀብት ግትርነት ስለነበር፣ እኔም አስነስቼ ተመለስኩ።

ያለ ምክንያት አልጠላችውም። አባቴ የሞተው ከበቅሎ ወድቆ ነው። ቡና ሊገዛ በሄደበት ገጠር ቅልጥሙ ተሰበረ፤ በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተውት ወጌሻ እስኪገኝለት ድረስ አምስት ቀን አለፈና እግሩ ጠቆረ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ የማስታውሰው የቤቱን ሽታ ብቻ ነው። “በቅሎ እንኳ ነፍስ አላት፣ ገደል ስታይ ትቆማለች” አለችኝ እናቴ በዚያው ቀን ከበሩ ውስጥ ሆና፤ “ያንተ ብረት ገደሉንና ሜዳውን በምን ይለየዋል?” እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ ተረትኩባት። ያኔ ይህን ማለት ብልህነት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። በየሳምንቱ ለሥራ አጋሮ እሄዳለሁ፣ በቤቷ ሥር ባለው መንገድ ሳልፍ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ እሷ ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ በሩን ትዘጋለች። በሩ ሲዘጋ ማየት ጤንነቷን ማወቂያዬ ሆኖ ነበር። ሌላ የምናወራበት መንገድ አልነበረንም።

የካቲት ላይ ለሥራ ከጅማ ወደ ደዶ ገጠር ሄድኩ። ሞተር መቆሚያ አለው፤ እኛ እግር እንለዋለን። ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ቅልጥም ብረት ነው፣ ረግጠው ወደ ኋላ ሲስቡት ይዘረጋና ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የእኔ ልማድ ታዲያ ሞተሩን አቁሞ መውረድ ሳይሆን፣ እዚያው ላዩ ላይ ተንሰራፍቶ ለገበሬው ስለ ችግኝ ንግግር ማድረግ ነበር። እግሩ የተሠራው ሞተሩን እንዲሸከም እንጂ ሞተሩንና ጉረኛውን አንድ ላይ እንዲሸከም አይደለም። ስለ ጥላ ዛፍ ጥቅም እያስረዳሁ ሳለ አንደኛው ቅልጥም ቀጭ አለና እኔም እሱም ትቢያ ላይ ተጋደምን። የደዶ ገበሬዎች ጨዋዎች ናቸው፤ አንስተውኝ፣ አራግፈውኝ፣ ሳቃቸውን እኔ እስክርቅ ያዙት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ጅማ ስመለስ እዚያው ጅማ መርካቶ ወዳለ ብረት በያጅ ይዤው ሄድኩ። በያጁ ጋዝ አልቆበት፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ደጁ ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ስለዚህ እቤቴ ራሴ ልጠግነው ወሰንኩ። እግር የሌለው ሞተር የሚያስቸግረውን ያህል ሰካራም አያስቸግርም፤ ግድግዳ ሲያስደግፉት ይንሸራተታል፣ አጥር ሲያስደግፉት አጥሩን ይዞ ይወድቃል። የአከራዬን ጎመን ሁለት ጊዜ ደፈጠጠው። ስብራቱን በሽቦ ብጠመጥመው ጠዋት የታሰረው ለምሳ ይላላል።

በዚያ ሳምንት አጋሮ መሄድ እንደማልችል ሲገባኝ፣ መርካቶ ወደዚያ ሊሄድ ላለ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ሰጠሁት። “ለችግኝ ጣቢያው ዘበኛ የሞተሬ እግር ተሰብሯል፣ በዚህ ሳምንት አልመጣም በልልኝ” አልኩት። ሾፌሩ ታማኝ ሰው ነበር። አጋሮ ሲደርስ ዘበኛውን ቢያጣው መልእክቱን ለአንድ ባለሱቅ በኦሮምኛ ነገረው። ስለ ዶቅዶቄው ጀምሮ “ሚሊ ኢሳ ጨቤ” አለና ጨረሰ። እግሩ ተሰበረ ማለት ነው። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ የሰው ይሁን የብረት፣ እግሩ ያው እግሩ ነው። ባለሱቁ ደግሞ የእናቴ ጎረቤት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሱቁን ዘግቶ ሄደና “ልጅሽ በዚያ በዶቅዶቄው እግሩ ተሰብሯል” አላት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩን ዛፍ አስደግፌ ከሥሩ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ከወገቤ በላይ ከሞተሩ ሥር ነኝ፤ እግሮቼ ብቻ ውጭ ተዘርግተዋል። የአጥሩ በር ሲከፈት ሰማሁ። አከራዬ ናት ብዬ ሽቦዬን መጠምጠም ቀጠልኩ። ወዲያው አንድ ጠንካራ እጅ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ያዘው።

“ቢስሚላህ” አለ የማላውቀው ድምፅ፣ እጁም ወደ ጉልበቴ እየጫነ መጣ።

ደንግጬ ጮህኩ።

“እዚህ ጋ ነው” አለ ድምፁ፣ ለሌላ ሰው።

ልነሳ ብዬ ራሴን ከሞተሩ ሆድ ጋር አጋጨሁና እንደገና ጮህኩ።

“ሁለት ቦታ ነው” አለ።

ተንፏቅቄ ስወጣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ እግሬ ሥር በርከክ ብለው አየሁ። አጠገባቸው የጨርቅ ጥቅልና የቀርከሃ ስንጣሪ ተቀምጧል፤ ወጌሻ መሆናቸው አስረጂ አያስፈልገውም። ከኋላቸው፣ አጥሩ በር ላይ፣ እናቴ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከጫማዋ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው።

ሽማግሌው ሁለቱንም እግሮቼን ደጋግመው ዳሰሱ። “ማሎ ኢልማ ኮ” አሉኝ፣ እባክህ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ይሄ እግር ጤነኛ ነው። የተሰበረው የታለ?”

ወደ ሞተሩ አመለከትኩ። “የሱ ነው” አልኩ።

ሽማግሌው ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ያለ ድምፅ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ወደኔ መጣችና “ቁም” አለችኝ። ቆምኩ። “ሂድ” አለችኝ። እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። “ሩጥ” አለችኝ። የመንግሥት ሠራተኛው እኔ፣ አከራዬ በመስኮት እያየችኝ፣ ግቢውን ሁለት ዙር ሮጥኩ። ሁለተኛውን ስጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄ ዘይት በዘይት ነበር፣ ግን ያዘችውና አለቀቀችውም። እኔም አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ትንሽ ቆይታ ሽማግሌው ትዝ አሏት። “ይቅር ይበሉኝ አባቴ” አለቻቸው፤ “በከንቱ አለፋሁዎት።”

“ምን ከንቱ አለው? እግር ተሰብሯል ብለሽ አመጣሽኝ፤ ይኸው ተሰብሯል” አሉና ኮታቸውን አውልቀው ዛፉ ላይ ሰቀሉ።

መጀመሪያ ሽቦዬን በሙሉ ፈተው ጣሉት። “ይሄን ያሰረው ማነው?” ብለው ጠየቁ፣ እኔ መሆኔን እያወቁ። ጥፋቴ ስብራቱን ብቻ ማሰሬ ነበር። ወጌሻ የሚያስረው የተሰበረውን ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ደህናውን ነው አሉኝ፤ ደህናው ሲጸና የተሰበረው መሄጃ ያጣል። መቆሚያውን ከነማጠፊያው እንድፈታው አዘዙኝ። ባለ ሁለት ቅልጥሙን ብረት ጭናቸው ላይ አስተኝተው የተሰበረውን በደህናው እግር ለኩት፤ ሰውም ሲሰበር እንዲሁ ነው የሚለካው፣ አንዱ እግር ለሌላው ምስክር ነው። የእኔ ጥምጥም ግማሽ ጣት ያህል አሳጥሮት ኖሯል። “ባንተ እጅ ቢድን ያነክስ ነበር” አሉኝ።

ቀርከሃው ለብረት እንደማይበቃ ሲያዩ፣ አከራዬ ቤት ሲሠራ ተርፎ የቆየ ፌሮ አምጥታ ሰጠችን። በድንጋይ ቀጥቅጬ በልኩ አስተካከልኩትና እንደ ስንጣሪ በሁለት ወገን አቀፍነው። ለማሰሪያ ደግሞ እሷው ከጠፍር አልጋዋ የተረፈ ጥሬ ቆዳ ነበራት። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈውት እንደ ጨርቅ ሲለሰልስ፣ ሽማግሌው አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች ጠመጠሙት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የሚበልጠው ብረት ብቻ ነው። ሲጨርሱ ብረቱን እንደ ታማሚ እግር ዳበስ ዳበስ አደረጉት። “ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይተኛ፤ እንዳታስረግጠው” አሉ። ምሳቸውን በልተው፣ ዱዓ አድርገውልን፣ ከሰዓት በኋላ በሚመለሰው መኪና ሄዱ።

እናቴ ግን አልሄደችም። ጥሬ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ሰኞ ቢሮ መግባት አለብኝ። ስለዚህ ያንን በሯን ትዘጋበት የነበረውን ነገር፣ እግሩን አጠገቧ አስተኝታ፣ ዱላ ይዛ ሦስት ቀን ጠበቀችው። ጥላው ሲመጣ ወደ ፀሐይ ታዞረዋለች። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አንድ ቀይ ውሻ ስትረግም ደረስኩ። “የልጄን እግር ሊበላብኝ ነው” አለችኝ፣ ከዚያ የተናገረችውን ሰማችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን እንደ ናፈቅሁት የገባኝ ያኔ ነው።

በዚያው ዕለት ስለ ጉዞዋ ነገረችኝ። የፈሩት ይደርሳል እያለች፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ሳትጠብቅ ነበር ወጌሻው ቤት የሄደችው። አምስት ቀን የሚለው ነገር ብቻ ነበር በራሷ ውስጥ የሚዞረው። መኪናው ላይ፣ ከቡና ጆንያ መካከል ተቀምጣ፣ ልደታን ተሳለች። “የልጄን እግር አትርፊልኝ፣ በዓመት በዓልሽ ዣንጥላ አገባልሻለሁ” ብላ ነበር።

“እንኳን ተረፍሽ” አልኳት፤ “የተሰበረው የሞተሩ ነው፤ ስለቱ አይይዝሽም።”

“እግሩን አትርፊልኝ አልኩ፤ አተረፈችልኝ።”

“እማዬ፣ መጀመሪያውንም እኮ አልተሰበረም።”

“ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ታድርግልኝ?” አለችና ብረቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው።

ረቡዕ ጠዋት መቆሚያውን መልሼ አሰርኩት። ረግጬ ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው፣ አልነቃነቅ አላት። ዶቅዶቄውን ተው አላለችኝም። ሁለት ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ ቆሞ ሳለ ላዩ ላይ እንዳልቀመጥ፣ ሁለተኛ ደግሞ ከእንግዲህ መልእክት በሰው አፍ እንዳልልክ። ጠፍሩ ሰኔ ዝናብ ሲነካው ላላ፤ በያጁም ያን ጊዜ ጋዙን አግኝቶ ነበርና በየደው።

ከዚያ በፊት ግን ግንቦት ልደታ ደረሰ። አጋሮ በሞተሬ ሄድኩና እናቴ ደጅ አቆምኩት፣ በሩም ክፍት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንገባ ሰዉ ሁሉ እግሬን ያያል። የመሰበሬ ወሬ ከተማውን አዳርሶ ነበር፣ ያልተሰበርኩት ወሬ ግን ገና አልደረሰም። አንዳንዶቹ አረማመዴን እያዩ እልል ሲሉ ግራ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንዳላሳፍራቸው ትንሽ ማንከስ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። እናቴ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ቀይ ዣንጥላ ይዛ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ።

“የምን ስለት ነው ልጄ?” አሏት ቄሱ።

“የልጄ እግር ነው አባ።”

ቄሱ ከራስ እስከ እግር አዩኝ። “እሰይ፣ ደህና ገጥሞለታል። ስብራቱ በስንት ቀን ዳነ?”

“አልተሰበረም አባ” አለቻቸው፤ “ለዚያ ነው።”

ቄሱ ትንሽ አሰቡና ዣንጥላውን ተቀበሏት።