ጠመኔውን የሰበርኩበት ትምህርት

ሶዶ ፊዚክስ በማስተምርበት ዘመን፣ ቀን ቀን አስተማሪው ፕላዝማው ነበር። እኔ ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆኜ አፌን ዘግቼ ስውል ያንገበግበኝ ነበር። የማታ ተማሪዎች ግን ፕላዝማ ስላልነበራቸው የእኔ ነበሩ። ቀን ታፍኖ የዋለውን ወሬዬን ሁሉ እነሱ ላይ አወርደው ነበር፤ ምነው ያኔም በተዘጋ ይሄ አፍ!

ከእነሱ አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ከሞተች በኋላ ገበያ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየሸጠች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለእኔ ስትል ያቋረጠችውን ትምህርት በአርባ ዓመቷ ቀጠለች። ኋላ ትቀመጥና እጇን አውጥታ "ቲቸር!" ስትለኝ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

የአቶም ትምህርት የደረሰ ዕለት ጠመኔ ለሁለት ሰበርኩ። ግማሹን ደግሞ ለሁለት፣ እንዲያ እንዲያ እያልኩ ዱቄት አደረግኩት። "ከዚህ በኋላስ ይከፈላል?" አልኩ።

"ቦዬም ተከትፎ ተከትፎ ማለቂያ አለው፣ ቲቸር። አንድ ቦታ ላይ ይቆማል" አለች እህቴ።

"አይቆምም!" አልኩና አቶም እንደሚሰነጠቅ፣ መሃሉ ያሉት ፕሮቶንና ኒውትሮንም ከሌላ ደቃቅ ነገር እንደተሠሩ፣ ኤሌክትሮንን ግን እስካሁን የከፈለው እንደሌለ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት! ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁና "አቶም ሲሰነጠቅ ከሶዶ እስከ ሁምቦ አንድ ዛፍ አይተርፍም!" አልኩ። ለዚያ ስፍር ቁጥር የሌለው አቶም አንድ ላይ መሰንጠቅ እንዳለበት አልተናገርኩም፤ ጨዋታዬን ያበላሽብኛላ። እህቴ ከመደንገጧ የተነሳ ደብተሯ ወደቀ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ።

በዓመቱ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ጨረር እንድትታከም ወረቀት ጻፈላት፤ እንዳትዘገይም አስጠነቀቃት። ጨረሩ ከምን እንደሚመጣ ጠየቀችው። ደግ ሰው ነው፣ አልደበቃትም። "ኮባልት ከሚባል ብረት ነው። አቶሙ ሲፈርስ የሚያወጣው ነው" አላት። ዞር ብላ አየችኝ።

ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችውና አልሄድም አለች። ቀን ከሌት ለመንኳት። አንድ ቀን ቦዬ እየላጠች ሳለ፣ "ይሄ ቦምብ አይደለም እኮ። በራሱ ጊዜ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚፈርሰው" አልኳት።

"በራሱ ከፈረሰ ማን ያቆመዋል?"

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያቆመው የለም።

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔን አታምኚኝም?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ስላመንኩህ እኮ ነው" አለች፣ ጥሬው ቦዬ ያሳከካትን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች መከሯት፣ ሐኪሙም አስጠርቶ ተቆጣት። መልሷ አንድ ነው፤ "ወንድሜ አስተምሮኛል" ትላለች። ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም አለፈ። ሕመሙ ጀርባዋን ሲይዛት ጊዜ እሺ አለች።

አዲስ አበባ የተቀበለችን ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ ብዙ አየችው። "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለች። እህቴ እኔን ላለማሳጣት፣ "ትምህርት ላይ ነበርኩ" አለቻት።

ከቀብሯ በኋላ የማታ ደብተሯን ከሣጥኗ አወጣሁ። ያቺ ቃል አለች፤ "አቶም ሲሰነጠቅ ከሶዶ እስከ ሁምቦ አንድ ዛፍ አይተርፍም" ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ደብተር ሳርም ያደረግኩት ቀይ ራይት ጎኑ ላይ አለ። ከሥሩ በራሴ እጅ "በጣም ጥሩ" ብዬ ጽፌበታለሁ።